ሞተሩ ሳይጠፋ እጅ አይግባ

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የተነገረው ስለ ኅብረት ጥቅም ነው። በሚሽከረከር የማሽን ዘንግ ላይ ያበረ ሲባጎ ግን አንበሳ አይመርጥም፤ ያገኘውን እጅ ያስራል። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ሲባጎ ነው። ድርቆሽና ጭድ በሚያስሩና በሚከትፉ ማሽኖች ላይ ለምን እንደሚጠመጠም፣ እንዴት እንደሚወጣ፣ በማውጣቱ ሥራ ላይ ሰው ሲጎዳም ሕጉ ማንን እንደሚጠይቅ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

የሕግ ሰው ስለ ትራክተር ምን አገባው የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሴ አጭር ነው። በባሌ ወይም በአርሲ ማሳ ላይ የሚሠራ ማሽን ባለቤት ሁልጊዜ ማሳው ላይ አይገኝም። አዲስ አበባ ተቀምጦ የቀኑን ሒሳብ በስልክ የሚጠይቅ ሐኪም፣ ነጋዴ፣ መሐንዲስ ወይም ጠበቃ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 መንግሥት የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥና ከታክስ ነፃ እንዲገቡ ከፈቀደና የካፒታል ዕቃ ሊዝ አገልግሎትም ከተስፋፋ ወዲህ ደግሞ፣ ገበሬ ሳይሆኑ የእርሻ ማሽን መግዛት የተለመደ ኢንቨስትመንት ሆኗል። በከተማ ዳር የወተት ላም የሚያረባውና ከጓሮው የመኖ መክተፊያ የተከለው ወገን ሲጨመርበት፣ ነገሩ ከዚህ ጋዜጣ አንባቢ ቤት ብዙ አይርቅም።

ጭዱ ከየት ወደ የት ይሄዳል?

ሮቤን መሀል አድርገው ዙሪያውን ቢያዩ፣ ሲናና፣ አጋርፋ፣ ጋሰራና ጎሮ በስንዴና በገብስ የታወቁ ናቸው። ደጋው በዓመት ሁለት ጊዜ ያበቅላል። በአካባቢው አጠራር «ገና» የሚባለው ወቅት ሰብል በክረምቱ ውስጥ ይሰበሰባል፤ «ቦና» የሚባለው ደግሞ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ። የሲናና የግብርና ምርምር ማዕከል ከ1970ዎቹ ጀምሮ በዚህ ምድር ላይ ሲሠራ የቆየው አለምክንያት አይደለም። ኮምባይነር በአገራችን በብዛት የሚታየውም በአርሲና በባሌ ነው። ኮምባይነር ስንዴውን ወስዶ ጭዱን ማሳው ላይ ይጥላል። ያ ጭድ ለሌላ ሰው ሀብት ነው።

ችግሩ ጭድ ሳይታሰር ሲጫን መኪና የሚሞላው በነፋስ መሆኑ ነው። ለነዳጅ የተከፈለው ገንዘብ ግማሹ አየር ለማጓጓዝ ይውላል። ተጨቁኖ በሲባጎ ሲታሰር ግን ያው መኪና ብዙ እጥፍ ይይዛል፤ ዋጋውም ከሩቅ ገበያ ይደርሳል። ሩቅ ገበያ ስል የአዲስ አበባን ዙሪያ የወተት ላሞች ብቻ ማለቴ አይደለም። ከጎባ ተነስቶ የሳነቴን አምባ አቋርጦ፣ በሪራና በሐረና ደን በኩል ወደ ዶሎ መና የሚወርደው መንገድ ወደ አርብቶ አደሩ ቆላ የሚያደርስ ነው። ከዚያ ወዲያ የመደ ወላቡ ወረዳ ዋና ከተማ ብድሬ አለች። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ በከሸፉ ጊዜ፣ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ቆላዎች የከብት እልቂት እንደደረሰ የሚታወስ ነው። ያኔ ደረቅ መኖ ከገንዘብ በላይ ነበር። የደጋው ጭድ በጊዜ ታስሮ ቆላው ቢደርስ ላም ያድናል። እንግዲህ የምንነጋገርበት ማሽን ጠቃሚ ማሽን ነው፤ ሰው እንዲሸሸው አልመክርም።

ማሽኑ እንዴት ይሠራል?

ድርቆሽ ማሰሪያው ማሽን (በተለምዶ «ቤለር» የሚባለው) የራሱ ሞተር የለውም። ጉልበቱን የሚያገኘው ከትራክተሩ ኋላ ከሚወጣው ዘንግ፣ ባለሙያዎች «ፒቲኦ» ከሚሉት ነው። በአብዛኞቹ ላይ ይህ ዘንግ በደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራል። ጉልበቱ በካርዳን ተላልፎ ቮላኖ የሚባለውን ከባድ መዘውር ያሽከረክራል። ከፊት ያሉት የብረት ጣቶች ጭዱን ከመሬት ያነሳሉ፤ መግፊያው በሣጥን ውስጥ ይጨቁነዋል፤ የሚፈለገው ርዝመት ሲሞላ ረጃጅም መርፌዎች ሲባጎውን ይዘው ያልፋሉ፤ ቋጣሪው ክፍል ቋጥሮ ይቆርጣል። ሁሉም በአንድ ትንፋሽ ነው።

ሁለተኛው ማሽን መኖ መክተፊያው ነው። ይህ ደግሞ የታሰረውን ድርቆሽ ፈትቶ በስለት ወይም በመዶሻ ለከብት አፍ እንዲመች አድርጎ ይከትፋል። በትልልቅ እርባታዎች በትራክተር፣ በከተማ ዳር በኤሌክትሪክ ይሠራል።

ትንሽ ታሪክ ልጨምር። በአሜሪካ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእህል ነዶ የሚያስሩት የመጀመሪያዎቹ ማሽኖች ይጠቀሙ የነበረው ሽቦ ነው። የሽቦ ቁራጭ ከመኖ ጋር እየተበላ ከብት በመግደሉ ገበሬው አማረረ። ጆን አፕልቢ የተባለ ሰው በ1870ዎቹ መጨረሻ ሲባጎ የሚቋጥር መሣሪያ ይዞ ሲመጣ ሽቦው ከገበያ ወጣ። የዛሬዎቹ ቋጣሪዎች የዚያ ፈጠራ የልጅ ልጆች ናቸው። ሲባጎው ያኔ ከቃጫ ነበር፤ ሲበሰብስ አፈር ይሆናል። ዛሬ ገበያውን የያዘው ፕላስቲኩ ነው፤ አይበሰብስም፣ በቀላሉም አይበጠስም። ለማሰር ጥሩ የሆነበት ምክንያት ሲጠመጠም ክፉ የሚሆንበትም ምክንያት ነው።

ሲባጎው ለምን ይጠመጠማል?

ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ዋና ዋናዎቹ ግን እነዚህ ናቸው። አንደኛ፣ ከቀድሞ ሥራ ማሳ ላይ የተጣለ ሲባጎ ከጭዱ ጋር በብረት ጣቶቹ ተለቅሞ ይገባል። ሁለተኛ፣ ቋጣሪው በአቧራ ሲሞላ ወይም ስለቱ ሲደንዝ ቋጠሮው ይከሽፋል፤ የተበተነው እስር እንደገና ወደ ማሽኑ ሲወረወር ሲባጎውም አብሮ ይወረወራል። ሦስተኛ፣ መክተፊያ ላይ የሚሠራው ሰው ሲባጎውን ሳይፈታ እስሩን እንዳለ ይከተዋል። አራተኛ፣ ርካሽ ሲባጎ ውፍረቱ አንድ ዓይነት ስላልሆነ አንዱ ጋ ይላላል፣ ሌላው ጋ ይበጠሳል። አምስተኛ፣ የካርዳኑና የዘንጎቹ መከለያ ተሰብሮ ወይም «ለሥራ አይመችም» ተብሎ ተነስቶ ዘንጉ ራቁቱን ይዞራል።

የተጠመጠመ ሲባጎ ቢተው ምን ይሆናል? በዘንጉ ጫፍ ወደ ኩሽኔታው እየተሳበ ይገባና ቅባት የሚይዘውን ጎማ ይበላዋል። ቅባቱ ይወጣል፤ ኩሽኔታው ይግላል። ዙሪያው ደረቅ ጭድና ብናኝ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን መናገር አያስፈልግም። ስለዚህ ሲባጎው መውጣት አለበት፤ በየቀኑም መታየት አለበት። ክርክሩ መቼና እንዴት በሚለው ላይ ነው።

ሰው ሞተር የማያጠፋው ለምንድን ነው?

በአንድ የመኸር ወቅት ከሮቤ ወደ አጋርፋ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ቤለር ሲሠራ ቆሜ አይቻለሁ። ሲባጎ ተጠመጠመ። ትራክተሩ ፍጥነቱን ቀነሰ እንጂ አልቆመም። ሃያ ዓመት የሚሆነው ወጣት ማጭድ ይዞ ጎንበስ አለና የሚዞረው ነገር ላይ ይጎትት ጀመር። ከወጣ በኋላ ሾፌሩን ለምን እንዳላጠፋው ጠየቅኩት። «ጋሼ፣ ባትሪው ደክሟል። አንዴ ካጠፋሁት በግፊ ነው የሚነሳው፤ እዚህ ማሳ ላይ ማን ይገፋልኛል?» አለኝ። ወጣቱን ስጠይቀው ደግሞ የሚከፈለው በእስር ቁጥር መሆኑን ነገረኝ። የቆመ ማሽን ለእሱ የቆመ ደመወዝ ነው።

ከሁለቱ መልሶች የተማርኩትን ያህል ከብዙ የስብሰባ ወረቀት አልተማርኩም። ስለ ሥራ ላይ አደጋ ስንወያይ «የግንዛቤ ማነስ» የምትል ሐረግ ቶሎ ትመጣልናለች። እነዚህ ሰዎች ግንዛቤ አላነሳቸውም። ዘንጉ እጅ እንደሚይዝ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። አንዱን ያስገደደው ያልተለወጠ ባትሪ ነው፤ ሌላውን የአከፋፈል ሥርዓት። ሁለቱም የባለቤቱ ውሳኔዎች ናቸው።

«ፍጥነቱ ተቀንሷል፣ እኔም ቀልጣፋ ነኝ» የሚለውን መከራከሪያ በቁጥር እንየው። በደቂቃ 540 ማለት በሰከንድ 9 ዙር ነው። ሰባት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ በአንድ ዙር 22 ሳንቲ ሜትር፣ በሰከንድ ደግሞ ወደ 2 ሜትር ሲባጎ ይጠቀልላል። ሰው አደጋውን አይቶ እጁን ለመሰብሰብ ሦስት አራተኛ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል እንበል። በዚያች ጊዜ ዘንጉ አንድ ሜትር ተኩል ጠቅልሏል። የሰው ክንድ ከትከሻ እስከ ጣት ጫፍ አንድ ሜትር አይሞላም። ፍጥነቱ በግማሽ ቢቀንስ እንኳ ሒሳቡ ለክንዱ አይበቃም። የተጠላለፈ ሲባጎ ደግሞ ከእጅጌ፣ ከነጠላ፣ ከጓንት ጋር መያያዝ ይወዳል። ቅልጥፍና እዚህ ቦታ የለውም።

ትክክለኛው አወጣጥ

በትራክተር ለሚሠሩት የሚከተለውን ቅደም ተከተል መያዝ ይገባል፡

1. ጋዝ ቀንሶ ፒቲኦውን መፍታት፤ ማርሹን ነፃ አድርጎ የእጅ ፍሬን መያዝ።

2. ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን መንቀል። ቁልፉ እጁን ወደ ማሽኑ በሚያስገባው ሰው ኪስ ይግባ። ሾፌሩ ኪስ ውስጥ ቢሆን ሌላ ሰው ሊያናግረው፣ ሊያስቸኩለው ይችላል። ያለ ቁልፍ የሚነሳ አሮጌ ትራክተር ከሆነ ካርዳኑ ከትራክተሩ ይነቀል።

3. መጠበቅ። ቮላኖው ከባድ ስለሆነ ሞተር ከጠፋ በኋላም ይዞራል። መቆሙ በዓይን እስኪረጋገጥ ድረስ ማንም አይጠጋም።

4. በሃይድሮሊክ የተነሳ ክፍል ካለ ወደ መሬት ማውረድ ወይም መቆለፊያውን ማስገባት። ዘይት የያዘው ክብደት ይወርዳል፤ ድንገት ይወርዳል።

5. ሲባጎውን ከመጎተት በፊት መቁረጥ። ጫፉ ቆልመም ያለ ስለታም ቢላዋ በዘንጉ ርዝመት፣ ከራስ ወደ ውጭ እየተገፋ፣ በሁለት ሦስት ቦታ ይቆርጠዋል። ከዚያ በፒንሳ እየተያዘ ይወጣል። ደንዛዛ ቢላዋ ጉልበት ይጠይቃል፤ ጉልበት ሲያመልጥ የራስን እጅ ያገኛል።

6. ዘንጉን በእጅ ማዞር ካስፈለገ የሚያዞረው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ የሌላ ሰው እጅ በማሽኑ ውስጥ አይኑር። ቮላኖው በእጅ ሲዞር መርፌዎቹና ስለቶቹም አብረው ሊንቀሳቀሱ ይችላሉ።

7. በእሳት አለማቅለጥ። ፕላስቲክ ሲባጎ በ160 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ቀልጦ ይንጠባጠባል። በጭድ መሀል እሳት የሚያነሳ ሰው ማሽኑንም ማሳውንም አብሮ ለማጣት የተስማማ ነው።

8. ኩሽኔታዎቹን በእጅ መዳሰስ፣ የወጣውን ሲባጎ ቆጥሮ በከረጢት መሰብሰብ፣ የተነሳውን መከለያ መመለስ። ቁልፉን የያዘው ሰው ሁሉም ገለል ማለቱን አይቶ፣ ጮክ ብሎ አስታውቆ፣ ቁልፉን ለሾፌሩ ይስጥ።

አንድ ነገር ልጨምር። ማሽኑ ሲታነቅ እንዲቆረጥ ተብሎ ቮላኖው ላይ የሚገባ ቡሎን አለ። እሱ ሲቆረጥ ተናዶ በጠንካራ ብረት መተካት የተለመደ ነው። ያ ቡሎን የሚሠራው መቆረጥን ነው። በጠንካራ ከተተካ በሱ ፈንታ የሚሰበረው ማርሹ ወይም የሰው አጥንት ይሆናል።

መብራት ሲጠፋ

የኤሌክትሪክ መክተፊያ ያላችሁ ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡት። መክተፊያው እየሠራ መብራት ይጠፋል። ሠራተኛው «መቼም ቆሟል፣ እስከዚያው ሲባጎውን ላውጣ» ይላል። ሐሳቡ የታታሪ ሰው ሐሳብ ነው። ማብሪያው ግን እንደተበራ ነው። መብራት ተመልሶ ሲመጣ ማንንም አያስጠነቅቅም፤ ስለቱ ይነሳል፣ እጁም እዚያው ነው።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር መጀመሪያ የሚደረገው ማብሪያውን ማጥፋትና ሶኬቱን መንቀል ወይም ማከፋፈያውን መቆለፍ ነው። ከዚያ የተሻለው ኃይል ሲቋረጥ ራሱን ፈቶ፣ ሰው ቁልፉን እንደገና እስኪጫን ድረስ የማያስነሳ ማስነሻ ማስገጠም ነው። ማንኛውም ደህና የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ያውቀዋል። እንደ ቤት አምፖል በተራ ማብሪያ የሚነሳ መክተፊያ ያለው ሰው ግን አደጋውን በራሱ እጅ አስገጥሞታል ማለት ነው።

ሕጉ ማንን ይጠይቃል?

ወደ ራሴ ሙያ ልመለስ። የኢ.ፌ.ዴ.ሪ. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ለሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት ይሰጣል። በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ በአንቀጽ 92 አሠሪው ስለ ሥራው አደጋ ሠራተኛውን የማስተማር፣ መከላከያ መሣሪያ የመስጠትና አጠቃቀሙን የማሳየት ግዴታ ይጥልበታል። በአንቀጽ 93 እና 94 ሠራተኛውም መከላከያውን እንዲጠቀም፣ የአደጋ መጠበቂያን እንዳያነሳ ወይም እንዳያበላሽ ይታዘዛል። መከለያ ማንሳት እንግዲህ ከሁለቱም ወገን ጥፋት ሊሆን ይችላል።

ዋናው አንቀጽ 96 ነው። በዚህ አንቀጽ አሠሪው በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። «እኔ አላዘዝኩትም፣ እኔ አልነበርኩም» አያድነውም። ነፃ የሚወጣው ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ላደረሰው ጉዳት ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ያለው፤ ሕጉ አሠሪው አስቀድሞ በግልጽ የሰጠውን የደህንነት መመሪያ መጣስን፣ እንዲሁም ሰክሮ ሥራ ላይ መገኘትን ሆን ተብሎ እንደ ደረሰ ጉዳት ይቆጥራቸዋል።

ይህ ማለት ምን ማለት ነው? ሞተር ሳይጠፋ እጅ እንዳይገባ የሚል ግልጽ መመሪያ በሌለበት ማሳ ላይ እጁን ያጣ ሠራተኛ ካሣ ይገባዋል። የሕክምናው ወጪ፣ ከሥራ በቀረበት ጊዜም እስከ አንድ ዓመት ድረስ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ፣ ለቀሪዎቹ ስድስት ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ ክፍያ በአሠሪው ላይ ይወድቃል። የጡረታ ሽፋን ለሌለው ሠራተኛ ዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት የአምስት ዓመት ደመወዝ ያህል ያስከፍላል፤ ከዚያ በታች ያለው ደግሞ በጉዳቱ መጠን ይሰላል። መመሪያው በግልጽ ተሰጥቶ ሠራተኛው ከጣሰው ግን ያው ሠራተኛ እጁንም ካሣውንም ሊያጣ ይችላል።

«እኔ አሠሪ አይደለሁም፣ ሥራውን በቁርጥ ሰጥቻለሁ» የሚል ክርክርም አለ። አዋጁ በራሱ ኃላፊነት የንግድ ወይም የሙያ ሥራ የሚሠራን ሰው ከሽፋኑ ውጭ ማድረጉ እውነት ነው። ነገር ግን በአንቀጽ 4 ለሌላ ሰው፣ በዚያ ሰው መሪነት፣ በቁርጥም ቢሆን በክፍያ የሚሠራን ሰው ሠራተኛ ይለዋል። መቼ እንደሚጀምር፣ የት እንደሚቆም፣ ማን እንደሚያዘው ያልወሰነ፣ ከማጭድ በቀር መሣሪያ የሌለው የቀን ሠራተኛ «ነጋዴ ነው» ማለት ዳኛን ማሳቅ ነው። ውሉ በጽሑፍ አለመሆኑም መብቱን አያሳጣውም።

ደግሞስ አሠሪ ባይሆኑ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የማሽን ባለቤት ማሽኑ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ማሽኑን ያንቀሳቀሰው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ። ማምለጫው ማሽኑ ጉዳቱ በደረሰበት ጊዜ ተሰርቆ እንደነበር ማስረዳት ነው። የተጎጂው ጥፋት ኃላፊነቱን ሊቀንሰው ወይም ሊያስቀረው ይችላል፤ በባለቤቱና በተጎጂው መካከል ውል ካለም ነገሩ የሚታየው በውሉ ሕግ ነው። ከማሳው ዳር ቆሞ ለሚጎዳ የገበሬው ልጅ ግን ይህ አንቀጽ በቀጥታ ይሠራል። ቸልተኝነቱ ከባድ ከሆነ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 እና 559 በቸልተኝነት መግደልንና አካል ማጉደልን ያስቀጣሉ።

መብቱ በወረቀት ላይ ይህን ያህል ሰፊ ሆኖ ሳለ የቀን ሠራተኛው ፍርድ ቤት ሲደርስ ባዶ እጁን ነው። ስሙ በማንም ደብተር ላይ የለም። አሠሪው የጽሑፍ መግለጫ እንዲሰጥ ሕጉ 15 ቀን ይሰጠዋል፤ የአንድ ማሳ የማሰር ሥራ ግን ከዚያ በፊት አልቆ ማሽኑ ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል። «የዓመት ደመወዙ ስንት ነው?» ሲባል መልሱ ምስክር ፍለጋ ነው። ከሥራ ግንኙነት ለሚነሳ ክስ አጠቃላዩ የይርጋ ጊዜ አንድ ዓመት ብቻ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ቁስሉ እስኪድን ሲጠብቅ ክሱ ሊሞትበት ይችላል።

ደንቡ አቁም፣ ክፍያው አትቁም ሲል

ይህን ያነበበ ብልጥ ባለቤት ነገ ጠዋት «ሞተር ሳይጠፋ እጅ ማስገባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት አትሞ ትራክተሩ ላይ ሊለጥፍ ይችላል። በአንቀጽ 96 የተከለለ ይመስለዋል። በእኔ እምነት ይህ ወረቀት ብቻውን ከሆነ መጥፎ ደንብ ነው። ደንቡ አቁም ይላል፤ በእስር የሚቆጠረው ክፍያ አትቁም ይላል፤ የደከመው ባትሪ ደግሞ ብታቆም አታስነሳውም ይላል። ሠራተኛው ሦስት አለቃ አለው፤ ከሦስቱ ወረቀቱ ደካማው ነው። ሠራተኛው የማያነበው ቋንቋ ከሆነማ አለቃም አይባል። እንዲህ ያለ ደንብ በወረቀት ተሰጥቶ በአሠራር የተሻረ መሆኑን የተጎጂው ጠበቃ ቢከራከር የሚደነቅ አይሆንም።

ሌሎች አገሮች በዚህ ተፈትነዋል። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣው የእርሻ መሣሪያ ደንብ፣ አሠሪው ሠራተኛውን ሥራ ሲመድበውና ከዚያም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲያስተምረው ያዛል፤ ከትምህርቱም አንዱ ከማጽዳትና ከታነቀው ከማውጣት በፊት ሞተር ማጥፋት፣ ኃይሉን መፍታትና እንቅስቃሴው ሁሉ እስኪቆም መጠበቅ ነው። የእንግሊዝ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም የእጅ ፍሬን፣ ነፃ ማርሽ፣ የጠፋ ሞተር፣ የተነቀለ ቁልፍ የሚሉትን አራት ነገሮች ለገበሬው ሲደጋግም ኖሯል። እኛም ባዶ አይደለንም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 ያፀደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155፣ ሕይወቱን ወይም ጤናውን ለከባድና ለቅርብ አደጋ ያጋልጣል ብሎ በበቂ ምክንያት ካመነበት ሥራ ራሱን ያገለለ ሠራተኛ እንዳይቀጣ ይከላከላል። «ሞተሩን ካላጠፋኸው አልነካም» ያለ የቀን ሠራተኛ ሕግ ከጎኑ አለ ማለት ነው። ለማን እንደሚነግር ቢያውቅ።

ከማሽኑ የወጣው ሲባጎ

የወጣው ሲባጎ ማሳው ላይ ከተጣለ ታሪኩ አላለቀም። በሚቀጥለው ወቅት ተመልሶ በማሽኑ ይለቀማል፤ ወይም በመኖው ውስጥ ተከትፎ ላሟ ሆድ ይገባል። ላም መርጣ አትበላም። ፕላስቲክ በጨጓራዋ አይፈጭም፤ እየተጠራቀመ ይቋጠራል፣ መንገድ ይዘጋል። አፕልቢ ሽቦውን ከመኖ ባወጣ ከመቶ ዓመት በኋላ እኛ በሽቦው ቦታ ፕላስቲክ አስገብተናል። በድርቅ ወራት የመጨረሻ ላሙን ለማትረፍ በብድሬ ገበያ ድርቆሽ የሚገዛ አርብቶ አደር፣ በገዛው መኖ ውስጥ የተከተፈ ሲባጎ ሊሸጥለት አይገባም። ስለዚህ ሲባጎ ሳይፈታ እስር ወደ መክተፊያ አይግባ፤ የተፈታውም ተቆጥሮ ይሰብሰብ። አንድ እስር በሁለት ሲባጎ ከታሰረ ሁለት ሲባጎ መውጣት አለበት። ከዚህ የቀለለ ቁጥጥር የለም።

ባለቤቱ ምን ያድርግ?

ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ማሽንዎ ወደ ማሳ ከመውጣቱ በፊት አዲስ ባትሪ ይግዙለት። ለካርዳኑና ለዘንጎቹ መከለያ ያስገጥሙ። ስለታም ቆልማማ ቢላዋ፣ ፒንሳና ከረጢት በትራክተሩ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡ። በእስር ለሚከፈለው ሠራተኛ ማሽን የቆመበትን ጊዜ የሚክስ መጠነኛ የቀን መነሻ ክፍያ ይጨምሩ፤ ከገበሬው ጋር በሚያደርጉት ውልም ለማጽጃ የሚቆምበትን ጊዜ አስቀድመው ያሳስቡ። መመሪያውን በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ያጽፉ፤ ማንበብ ለማይችለው በማሽኑ ላይ እያሳዩ ያስረዱ። የእያንዳንዱን የቀን ሠራተኛ ስም፣ ቀኑንና የከፈሉትን በደብተር ያስፍሩ። ደብተሩ ለእሱም ለእርስዎም ማስረጃ ነው። ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እንዲሠራ አይፍቀዱ፤ ከ18 በታች የሆነው ደግሞ ወደሚሽከረከር ነገር አይጠጋ።

አደጋ ቢደርስ ደግሞ የመጀመሪያ እርዳታ መስጠትና ተጎጂውን በተገቢው መጓጓዣ በአቅራቢያ ወዳለ ሕክምና ማድረስ በአንቀጽ 104 የአሠሪው ግዴታ ነው። ማሽኑ ሮቤ አካባቢ ከሆነ የጎባ ሪፈራል ሆስፒታል ቅርብ ነው። ብድሬ አካባቢ ከሆነ ግን መንገዱ ረጅም ነው፤ ትራክተር አምቡላንስ አይሆንም። ማሽኑ ወደ ማሳ ሲወጣ ተጎጂን የሚያደርስ መኪና የማን እንደሆነና የሾፌሩ ስልክ ስንት እንደሆነ አስቀድሞ ይጻፍ።

ይህ ሁሉ ስንት ያወጣል? የአንድ ባትሪ ዋጋ፣ የአንድ ቢላዋ ዋጋ፣ በየመጠምጠሙ የጥቂት ደቂቃ ጊዜ። በማሳው ላይ ያለው ወጣት ሁለት እጆች አሉት፤ ወደ ቤቱ ሲመለስም ሁለቱን ይዞ መመለስ አለበት።